ጫንቃ ላይ የቀረ ሕመም

(የዝግጅቱ መለያ ዜማ ይሰማል፤ ቀስ እያለ ዝቅ ይላል)

 ይህ ዝግጅት ለወልድያና ለዙሪያዋ፣ ለመርሳ፣ ለውርጌሳ፣ ለሲሪንቃ፣ ለግራና፣ በጠቅላላው ለሀብሩ ሕዝብ ነው። ምጣድ ያሰማችሁ፣ ባጃጅ ላይ ያላችሁ፣ ማማ ላይ ወጥታችሁ ማሽላ የምትጠብቁ፣ ሥራችሁን ሳታቋርጡ ስሙን። ከዝግጅቱ መሃል ላይ ግን አንድ ጊዜ እጃችሁን እንድታሳርፉ እጠይቃችኋለሁ፤ አብረን የምንሠራው ነገር አለ።

የዛሬው ጉዳያችን የአንገት፣ የማጅራትና የላይኛው ጀርባ ሕመም ነው። ትራስ ሳይመች አድሮ ጠዋት አንገት አልዞር ሲል የሚሰማንና በሁለት ሦስት ቀን የሚለቀው ብዙ አያሳስበንም፤ እሱ ይመጣል፣ ይሄዳል። የምናወራው መጥቶ ስለቀረው ነው። ሦስት ወር፣ መንፈቅ፣ ከዚያም በላይ ጫንቃ ላይ ተቀምጦ አልወርድ ስላለው።

ከሁሉ በፊት ገበሬ አድማጮቼን አንድ ነገር ልጠይቅ። የበሬያችሁ ጫንቃ ቢላጥ ምን ታደርጋላችሁ? መልሱን አውቀዋለሁ። ቀንበሩን ፈትታችሁ ታሳርፉታላችሁ። ቁስሉ ሲሽርም ቀንበሩ የሚያርፍበትን ቦታ በጨርቅ ወይም በቆዳ አለስልሳችሁ፣ መጀመሪያ ቀን ጥቂት ጥማድ አሠርታችሁ፣ ቀስ በቀስ ወደ ሙሉ ሥራው ትመልሱታላችሁ። በሬውን በመርፌ አስወግቶ በዚያው ቀን በዚያው ቀንበር የሚጠምድ ገበሬ አላየሁም። በሰው ጫንቃ ላይ ግን በየቀኑ የምናደርገው ይህንኑ ነው። እስቲ ይህን አጭር ጭውውት ስሙ።

(በር ይከፈታል፤ ሙሉ ጄሪካን መሬት ላይ ይቀመጣል)

እናት፦ እህህ... ኧረ ማጅራቴ!

ልጅ፦ እማዬ፣ ዛሬም ያዘሽ እንዴ?

እናት፦ ብርድ ነው ልጄ። ባለፈው መርፌውን ስወጋ ለቆኝ ነበር፤ ይኸው ደግሞ ተመለሰ።

ልጅ፦ ወጌሻው ጋ ልውሰድሽ? አንገት ጠምዝዘው ቋ ሲያደርጉት ወዲያው ይለቃል ይላሉ።

እናት፦ አብሽር፣ ይለቀኛል። በቃ ቁጭ በል፤ እኔ ሊጡን ላቡካ።

(ዜማ)

እኒህን እናት ለዝግጅቱ ብለን የፈጠርናቸው ናቸው፤ በእውን ያሉ ሰው አይደሉም። ነገር ግን ብዙዎቻችሁ ድምፃቸውን ከቤታችሁ ሳታውቁት አትቀሩም። በዚህች አጭር ጭውውት ውስጥ ብርዱ ተነሣ፣ መርፌው ተነሣ፣ ወጌሻው ተነሣ። ጄሪካኑን ግን ማንም አላነሣውም። እናትየው አስቀመጡትና ወደ ሊጡ ሄዱ። እኔ ዛሬ የማወራው ስለዚያ ጄሪካን ነው።

መጀመሪያ አንገታችን እንዴት እንደተሠራ እንወቅ። ራሳችንን የሚሸከሙት 7 ትንንሽ የአከርካሪ አጥንቶች ናቸው። ከእነሱ በታች ደግሞ የጎድን አጥንት የሚያያዝባቸው 12 ሌሎች አሉ። የአንድ ዐዋቂ ሰው ጭንቅላት 5 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ከሱቅ የምንገዛውን ባለ 5 ሊትር የዘይት ጄሪካን አስቡት፤ ክብደቱ ወደዚያ ይጠጋል። ይህን ክብደት ቀኑን ሙሉ አቁመው የሚይዙት ጡንቻዎች ናቸው። ከነሱ ትልቁ ከራስ ቅል ግርጌ ተነሥቶ እንደ ነጠላ በሁለቱ ትከሻ ላይ የሚወርድ፣ ጫፉም እስከ ጀርባ መሃል የሚደርስ ሰፊ ጡንቻ ነው። ብዙዎቻችሁ "እዚህ ጋ ድንጋይ የተጫነብኝ ይመስለኛል" ብላችሁ በእጃችሁ የምታሳዩት የዚህን ጡንቻ የትከሻ ክፍል ነው።

ያንን የዘይት ጄሪካን ደረታችሁ ላይ አስጠግታችሁ ብትይዙት ለብዙ ደቂቃ ትችላላችሁ። እጃችሁን ዘርግታችሁ ብትይዙት ግን ወዲያው ክንዳችሁ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ክብደቱ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ርቀቱ ነው። ጭንቅላታችንን ወደ ፊት ስንደፋ በአንገት ጡንቻ ላይ የሚሆነው ይኸው ነው። ኬኔዝ ሃንስራጅ የተባሉ የኒው ዮርክ የአከርካሪ ቀዶ ሐኪም በ2014 እ.ኤ.አ. ባወጡት ስሌት፣ አንገት 60 ዲግሪ ያህል ሲደፋ በአከርካሪው ላይ የሚያርፈው ጫና 27 ኪሎ ይደርሳል። ይህ በኮምፒውተር ሞዴል የተሰላ እንጂ በሰው አንገት ላይ የተለካ አይደለም፤ ቢሆንም ጤፍ ስታርሙ፣ በማጭድ ስታጭዱ፣ ምጣድ ላይ ስታጎነብሱ፣ ስልክ ስትነካኩ አንገታችሁ ምን እንደሚሸከም ጥሩ አድርጎ ያሳያል።

ጡንቻ ሲኮማተርና ሲላላ ደም ይመላለስበታል። ተኮማትሮ ሲቆይ ግን ደሙ እንደ ልብ አይደርሰውም፤ ይደክማል፣ ይቆረጥማል፣ ይጠነክራል። ስለዚህ አንድ አቀማመጥ ብቻውን ክፉ ነው ብዬ አልነግራችሁም። ልብስ ሰፊው ሲንጀሩ ላይ ማጎንበሱ፣ ተማሪው ደብተሩ ላይ መደፋቱ፣ የባጃጅ ሾፌሩ መሪውን ጨብጦ መዋሉ በራሱ በሽታ አያመጣም። የሚጎዳው ሳይለወጥ መቆየቱ ነው። ግማሽ ሰዓት በተሠራ ቁጥር አንዴ ተነሥቶ ትከሻን ማፍታታት ከማንኛውም ውድ ወንበር ይበልጣል።

አሁን ወደ ጄሪካኑ። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው። ባለ 20 ሊትሩ ጄሪካን ሲሞላ 20 ኪሎ፣ ባለ 25ቱ 25 ኪሎ ይሆናል፤ የጄሪካኑ የራሱ ክብደት ሳይቆጠር። ከምንጭ ወይም ከቦኖ እስከ ቤት፣ ያውም ዳገት። በእኛ አገር ይህ በሴት ጀርባ ላይ ነው የሚጓዘው፤ በቀጭን ገመድ ወይም በሲባጎ ታስሮ፣ ገመዱ ትከሻና ደረት ላይ ሰርስሮ። ሸክሙ ወደ ኋላ እንዳይጥላት ሰውነቷ ወደ ፊት ይደፋል፤ መንገዱን ለማየት ደግሞ አንገቷን ቀና ታደርጋለች። ታችኛው አንገት ተደፍቶ፣ ላይኛው ወደ ኋላ ታጥፎ ማለት ነው። በየቀኑ፣ አንዳንዴም በቀን ሁለትና ሦስት ጊዜ። ከተራራ የሚወርደው የማገዶ እንጨት ደግሞ ከዚህም ይከብዳል። ቤት ስትደርስ ሕፃኑ በአንቀልባ ይታዘላል፣ ሊጥ ይቦካል፣ ምጣዱ መሬት ላይ በጉልቻ ተጥዶ ይጠብቃል።

እና ማጅራቷን ሲያማት ብርድ ነው እንላለን።

ብርድን አልክድም። ቅዝቃዜ ጡንቻን ያኮማትራል፤ ቀድሞ የደከመውን ያባብሰዋል። ለዚህም ነው ጋቢ ደርቦ መተኛት፣ በሞቀ ውሃ የተነከረ ፎጣ ጨምቆ ለሩብ ሰዓት ማጅራት ላይ ማድረግ የሚያሳርፈው። አድርጉት፤ ቆዳ እንዳያቃጥል ብቻ ተጠንቀቁ። ነገር ግን ብርድ ነው ብለን ስንዘጋው ሸክሙን ማየት እንተዋለን።

ሸክሙን መቀየር ማለት ምን ማለት ነው? አንዱን ባለ 20 ሊትር በሁለት ባለ 10 ሊትር መተካትና በሁለት እጅ ማመጣጠን፣ ወይም ሁለት ጊዜ መመላለስ። በጀርባ ከሆነም ጄሪካኑን ከአከርካሪ ጋር አጣብቆ ማሰር፤ ወደ ኋላ በራቀ ቁጥር ይከብዳልና። ገመዱን በሰፊ ጨርቅ ወይም በጠፍር መተካት፤ ያው የበሬው ቀንበር እንደሚለሰልሰው። አህያ ያለው በአህያ፣ ጋሪ የሚገባበት በጋሪ። ምጣዱን በጭቃና በድንጋይ ከፍ አድርጎ ቆሞ መጋገር፤ ይህ አንድ ቀን የሚፈጅ ሥራ ነው፤ ከዚያ በኋላ ለዓመታት ያሳርፋል። ሕፃንን በጀርባ ብቻ ከማዘል ከጀርባና ከደረት እያፈራረቁ መያዝ።

ከሁሉ በላይ ግን ሸክሙ የቤቱ ሁሉ ይሁን። እዚህ ላይ አስተያየቴን ሳልሸሽግ እናገራለሁ። ጎልማሳ ልጅና ባል ባለበት ቤት ውሃው ሁሉ በአንዲት ሴት ጀርባ የሚመጣ ከሆነ፣ የዚያች ሴት ሕመም መድኃኒቱ ፋርማሲ ውስጥ የለም። ወንድ ጄሪካን ቢያዝል ክብሩ አይጎድልም። የበሬውን ጫንቃ የሚያይ ዐይን የሚስቱን ጫንቃ ማየት አያቅተውም።

ወንዶችም ከዚህ ሕመም ነጻ አይደሉም። ገበሬው ሞፈሩን በአንድ ትከሻ ብቻ ተሸክሞ እርሻ ይወርዳል፤ ትከሻ መለዋወጥ ይገባል። ከመርሳ ብርቱካንና ማንጎ በከረጢት የሚጫንበትን፣ በወልድያ መናኸሪያ እህል የሚራገፍበትን ጊዜ አስቡ። አንድ ኩንታል 100 ኪሎ ነው፤ ጫኝና አውራጆቻችን እሱን በአንድ ጀርባ ነው የሚያነሡት። የዓለም ሥራ ድርጅት በ1967 እ.ኤ.አ. ባወጣው ምክረ ሐሳብ አንድ ዐዋቂ ወንድ ሠራተኛ በጉልበቱ የሚያነሣው ሸክም ከ55 ኪሎ እንዳይበልጥ ጠይቋል። ከዚያ ወዲህ ከሃምሳ ዓመት በላይ አልፏል። ነጋዴዎች ሆይ፣ እህላችሁን በ50 ኪሎ ከረጢት ብታስሞሉ የምታጡት የአንድ ከረጢት ዋጋ ነው፤ የምታተርፉት የሰው አንገት ነው።

ወደ መርፌው እንሂድ። ሰዎች "የወገብ መርፌ" ወይም "የሕመም መርፌ" የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ ዲክሎፌናክ ነው። ከኢቡፕሮፌን ጋር አንድ ዘር ነው። ያስታግሳል፤ ውሸት የለውም። ለጥቂት ቀን፣ በባለሙያ ትእዛዝ፣ ሕመሙ እንቅልፍ ሲነሣ ይጠቅማል። ነገር ግን ሸክሙ እስካለ ሕመሙ ይመለሳል፤ ሲመለስ መርፌው ይደገማል፤ ሲደጋገም ደግሞ የጨጓራን ግድግዳ ያቆስላል፣ ኩላሊትን ይጎዳል፣ የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል። ሰገራ እንደ ሬንጅ ጠቁሮ ከመጣ ጨጓራ እየደማ ሊሆን ይችላልና ወዲያው ሐኪም ቤት ነው። ጾም ላይ ያላችሁ፣ በዓቢይ ጾምም ሆነ በረመዳን፣ የዚህን መድኃኒት ክኒን በባዶ ሆድ አትዋጡት፤ ከምግብ ጋር፣ ከውሃ ጋር ይሁን። ነፍሰ ጡሮች፣ የኩላሊት፣ የልብ፣ የጨጓራና የአስም ሕመም ያለባችሁ ሐኪም ሳትጠይቁ አትንኩት። ፓራሲታሞል ለሆድ ይሻላል፤ ቢሆንም ለጤነኛ ዐዋቂ በ24 ሰዓት ውስጥ ከባለ 500 ሚሊግራሙ ከ8 ፍሬ ማለፍ ጉበትን ሊጎዳ ይችላል። ለማስታገሻ ብሎ ከጎረቤት የተረፈ መርፌ ማስወጋት ደግሞ ፈጽሞ አይገባም። ስቴሮይድ የሚባለው ዓይነት ከሆነ ስኳር ያስነሣል፣ አጥንት ያሳሳል።

ወጌሻውስ? ወጌሻዎቻችንን አላቃልልም። በቅቤ ወይም በዘይት ቀስ ብሎ የሚያሽ እጅ ዋጋ አለው፤ ምክንያቱም ይታወቃል። ሮናልድ ሜልዛክ የተባሉ የካናዳ የሥነ ልቦና ሊቅና ፓትሪክ ዎል የተባሉ እንግሊዛዊ ሐኪም በ1965 እ.ኤ.አ. እንዳስረዱት፣ የሕመም መልእክት ወደ አንጎል ሲሄድ በአከርካሪ ውስጥ እንደ በር ያለ ማለፊያ ያገኛል። ቆዳና ጡንቻ ሲታሽ የሚላከው የመዳሰስ መልእክት በሩን ያጠብበዋል፤ ሕመሙም ይቀንሳል። እግራችንን ድንጋይ ሲመታን ሳናስበው የምናሸው ለዚህ ነው። የማሸት እፎይታ እውነት ነው፤ ግን አጭር ነው።

የምከለክላችሁ አንገት መጠምዘዙን ነው። በአንገት አጥንቶች ውስጥ ወደ አንጎል ደም የሚወስዱ ሥሮች ያልፋሉ፤ መሃላቸው ደግሞ የሰውነት ሁሉ ገመድ የሆነው ኅብለ ሰረሰር አለ። በድንገት ተጠምዝዞ የደም ሥሩ ቢቀደድ ሰው በስትሮክ ሊወድቅ ይችላል። ወጌሻ ወገኖቼ፣ እሹ፣ አሙቁ፤ አንገት ግን አታዙሩ። ዋግምት ወይም ሒጃማ የምታስደርጉም ምላጩ አዲስና ለአንድ ሰው ብቻ የሚውል መሆኑን በዐይናችሁ ሳታዩ አትቀመጡ፤ የጉበት ቫይረስና ኤች አይ ቪ በምላጭ ይተላለፋሉ።

ሌላ የሚያስጨንቀኝ ነገር አለ። አንገቴን አመመኝ ብሎ በሬውን ሸጦ፣ ደሴ ወይም አዲስ አበባ ወርዶ፣ ኤም አር አይ ተነሥቶ "ዲስክህ ወጥቷል" ተብሎ ልቡ ተሰብሮ የሚመለስ ሰው ብዙ ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የጃፓን ጥናት ምንም ሕመም የሌላቸውን 1,211 ጤነኛ ሰዎች አንገት በኤም አር አይ አየ። ከ100ው ወደ 88 በሚጠጉት ላይ ወደ ውጭ ያበጠ ዲስክ ተገኘ። ልብ በሉ፤ አንዳቸውም አላመማቸውም። በአከርካሪ አጥንቶች መሃል ያለው ዲስክ በዕድሜ ይሟሽሻል፤ እንደ ሽበት ነው። ስለዚህ ሐኪሙ መርምሮ "ፎቶ አያስፈልግህም" ሲል ናቀኝ አትበሉ። ብዙ ጊዜ ትክክለኛው ምክር እሱ ነው።

ይህ ሕመም የብዙ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ላይ 203 ሚሊዮን ያህል ሰዎች የአንገት ሕመም እንደነበረባቸው ተገምቷል። ብቻችሁን አይደላችሁም።

ግን ሕመም ለምን ይቆያል? ጡንቻው አርፎ፣ ቁስሉ ድኖ እንኳ ለምን አይለቅም? ይህን የሀብሩ ማሽላ ጠባቂ በደንብ ይገባዋል። ማማ ላይ ያለ ጠባቂ ዝንጀሮ አንድ ቀን ማሳውን ከበላበት በኋላ ዕረፍት የለውም። ቅጠል ኮሽ ባለ ቁጥር ወንጭፉን ያነሣል፤ ነፋስ ይሁን ዝንጀሮ አይለይም። የነርቭ ሥርዓታችንም ለወራት ሲታመም እንደዚያ ይሆናል። ትንሹን ንክኪ፣ ትንሹን እንቅስቃሴ እንደ አደጋ ቆጥሮ ይጮኻል። ሕመሙ እውነተኛ ነው፤ አስመሳይነት የለበትም። ነገር ግን ያመመው ሁሉ እየተጎዳ ነው ማለት አይደለም። ይህን ማወቅ በራሱ ከመድኃኒቱ ግማሹ ነው፤ ምክንያቱም አንገቱን የፈራ ሰው አንገቱን አያንቀሳቅስም፤ ያልተንቀሳቀሰ ጡንቻ ደግሞ ይደክማል።

ጠባቂውን የሚያነቃው ጭንቀትም ነው። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ወልድያና ሀብሩ ምን እንዳሳለፉ ለእናንተ አልነግራችሁም። ልጅ አዝሎ፣ ዕቃ ተሸክሞ በእግሩ ወደ ደሴ የተሰደደ፣ ቤቱን ተዘርፎ ያገኘ፣ ሰው ያጣ ብዙ ነው። የተጨነቀ ሰው ሳያውቀው ትከሻው ወደ ጆሮው ይወጣል፤ ጥርሱን ይነክሳል፤ እንቅልፉ ይቆራረጣል። እንቅልፍ ያጣ ሰው ደግሞ ሕመም ይበረታበታል። ሕመማችሁ ከዚያ ጊዜ የጀመረ ከሆነ ለሐኪማችሁ ያንንም ተናገሩ። ሐዘንና ፍርሃት ለሐኪም የሚነገር ነገር ነው።

(አጭር ዜማ)

አሁን እጃችሁን አሳርፉ። የባጃጅ ሾፌሮች አሁን ተዉት፤ ስትቆሙ ትሠሩታላችሁ። ሌሎቻችሁ በርጩማ ላይ ወይም መደብ ላይ ተቀመጡ፤ እግራችሁ መሬት ይንካ።

ትከሻችሁን ወደ ጆሯችሁ አንሡ... ያዙት... አሁን ልቀቁት። ይውደቅ። ሲወድቅ የተሰማችሁ ነገር ካለ ቀኑን ሙሉ ይዛችሁት ነበር ማለት ነው። ድገሙት።

ቀጥሎ አገጭ። ወደ ታች ሳትደፉ፣ ወደ ላይም ሳታቀኑ፣ አገጫችሁን ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ኋላ ሳቡት። የምድጃ ጭስ ፊታችሁ ላይ ሲመጣ ጭንቅላታችሁን ብቻ እንደምታሸሹት። ማጅራታችሁ ሲረዝም ይሰማችኋል። እስከ አምስት ቁጠሩ። አንድ... ሁለት... ሦስት... አራት... አምስት። ልቀቁ። ይህን ዐሥር ጊዜ።

ሦስተኛው ለላይኛው ጀርባ ነው። ክርናችሁን አጥፋችሁ ወደ ኋላ ሳቡ፤ ከኋላ ያሉት ሁለቱ ጠፍጣፋ የትከሻ አጥንቶች ይቀራረቡ። በመሃላቸው አንድ የመርሳ ብርቱካን አለ እንበል፤ እንዳይወድቅ ያዙት። እስከ አምስት ቆጥራችሁ ልቀቁ። ይህም ዐሥር ጊዜ።

በመጨረሻ አንገታችሁን ቀስ ብላችሁ ወደ ቀኝ አዙሩ፣ እስከምትችሉበት ብቻ፤ ከዚያ ወደ ግራ። ትንሽ መሳብ ቢሰማችሁ ችግር የለም። ወደ ክንድ እንደ ኤሌክትሪክ የሚነዝር ወይም የሚያዞር ከሆነ አቁሙና ለባለሙያ አሳዩ።

ጠዋትና ማታ ይሠራ። ሲለመድ ደግሞ ግድግዳ ፊት ቆሞ በሁለት መዳፍ እየገፉ መመለስ ይጨመርበታል፤ ጡንቻ የሚጠነክረው በዚህ ነው። በሳምንት ለውጥ አትጠብቁ። ከስድስት እስከ ዐሥራ ሁለት ሳምንት ስጡት። ለቆየ የአንገት ሕመም በጥናት ተደጋግሞ ጥቅሙ የታየው እንቅስቃሴ ነው፤ ተኝቶ መክረም ያባብሰዋል። ማታ ስትተኙ በሆድ አትተኙ፤ አንገት ሌሊቱን ሙሉ ተጠምዝዞ ያድራልና። በጎን ስትተኙ ትራሱ የጆሮንና የትከሻን ክፍተት የሚሞላ ያህል ይሁን፤ ከዚያ አይብለጥ።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ለአብዛኛው ሕመም ነው። ጥቂቱ ግን ሌላ ነው፤ እሱን ደግሞ በማሸትና በእንቅስቃሴ ማስታመም ሰው ያሳጣል።

አንገት ድርቅ ብሎ ከከባድ ትኩሳትና ራስ ምታት ጋር ከመጣ፣ ብርሃን ማየት ካስጠላ፣ ሰውየው ከተምታታበት፣ የማጅራት ገትር ሊሆን ይችላል። አገራችን ይህ በሽታ በሚበዛበት የአፍሪካ ቀበቶ ውስጥ ናት። ይህ የሰዓታት ጉዳይ ነው፤ ሌሊትም ቢሆን ይኬዳል። ደረት ተጨንቆ ሕመሙ ወደ ግራ ትከሻ፣ ወደ መንጋጋና ወደ ጀርባ ከወጣና ላብ ካጠመቀ ልብ ሊሆን ይችላል፤ ይህም እንደዚያው ነው። ከዛፍ ወድቆ ወይም በመኪና ተገጭቶ አንገቱን ያመመውን ሰው በእጅና በእግሩ ይዛችሁ አትጎትቱት፤ ጭንቅላቱንና አካሉን በአንድ መስመር ይዛችሁ በሳንቃ ላይ አንሡት። እጅ ሲዝል፣ ቁልፍ መቆለፍ ሲያቅት፣ እግር ሲንገዳገድ፣ ሽንት አልታዘዝ ሲል ኅብለ ሰረሰሩ ጫና ደርሶበት ሊሆን ይችላል። ጡቷ ላይ እብጠት ኖሮ ጀርባዋን የሚያማት ሴት ሁለቱን አንድ ላይ ለሐኪም ትንገር።

እና አንዱ ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ አለ። የአከርካሪ ቲቢ። ቲቢ ሳንባን ብቻ ይይዛል ብለን ስለምናስብ ይሸውደናል። እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ፐርሲቫል ፖት በ1779 እ.ኤ.አ. የገለጹት ይህ በሽታ የአከርካሪ አጥንትን ቀስ ብሎ ይበላል። ሳል ላይኖር ይችላል። ሕመሙ በጀርባ አንድ ቦታ ላይ ይጀምራል፤ ዕረፍት አያሽለውም፤ ሌሊት ይበረታል። ማታ ማታ ላብ፣ ትኩሳት፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት፣ መክሳት ይከተላል። ወራት ሲያልፉ አጥንቱ ይደረመስና ጀርባ ላይ ጉብታ ይወጣል፤ እግርም ሊሰንፍ ይችላል። ያን ጊዜ "ጎበጠ" ይባላል። ከዚያ በፊት ግን ወራት ነበሩ፤ መርፌ ሲወጋ፣ ሲታሽ፣ ብርድ ነው ሲባል ያለፉ ወራት።

ስለዚህ ጀርባውን ወይም አንገቱን ለሳምንታት ያመመው፣ ማታ የሚያልበው፣ ልብሱ እየሰፋው የመጣ ሰው ቤታችሁ ውስጥ ካለ፣ አታሹት። ነገ ጠዋት ወደ ቅርብ ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ ከዚያ ወደ መርሳ ወይም ወደ ወልድያ ሆስፒታል ይላካል። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋን ብትጠይቁ መንገዱን ታሳያችኋለች። ከቲቢ ውጭ ላለው ሕክምና የማኅበረሰብ ጤና መድን መታወቂያችሁን ይዛችሁ ሂዱ። የቲቢ መድኃኒት ለአከርካሪ ሲሆን እስከ አንድ ዓመት ሊወሰድ ይችላል፤ ሳይቋረጥ ከተወሰደ ያድናል። በመንግሥት ጤና ተቋማት ምርመራውም መድኃኒቱም በነጻ ነው።

(የመዝጊያ ዜማ)